ከደብረ ሲና እስከ ሳክሲ፦ ስለ ባይተዋርነትና ስለ ሥነ ጽሑፋችን

ከዋሽንግተን ወደ ቴክሳስ ልዛወር መሆኔን ስናገር ወዳጆቼ ሁሉ የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነበር። «ዳላስ ነው?» ይሉኛል። «አጠገቧ» እላለሁ። «ጋርላንድ ማለትህ ነው?» «ከጋርላንድ ትንሽ ወጣ ይላል።» ከዚያ ጥቂት ዝም ይሉና «እዚያም አበሻ አለ?» ይላሉ። አለ። ቢሆንም ያ ጥያቄ ዓመታት አልፈውም አልለቀቀኝም። ስለ ሳክሲ ከሚናገረው ይልቅ ስለ እኛ የሚናገረው ይበዛልና። አበሻ የሌለበት ቦታ ለእኛ ቦታ አይደለም ማለት ነው።

ሳክሲ ከዳላስ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ፣ ገሚሷ በዳላስ ካውንቲ ገሚሷ በኮሊን ካውንቲ ውስጥ የወደቀች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ዐሥር ሺህ ያልሞላ ሰው ነበራት፤ በ2020 ከ27,000 በላይ ሆኗል። ስሟ ሲጻፍ ጀርመንኛ ነው፤ ሲጠራ ግን የቴክሳስ ሰው እንደተመቸው ነው የሚጠራው። እኔም የሄድኩት ብዙዎቻችን በምንሄድበት ምክንያት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የአንድ ጠባብ አፓርታማ ዕዳ፣ እዚህ ጓሮና ጋራዥ ያለው ቤት ያስገዛል።

ነገሬ ግን ስለ ቤት አይደለም፤ ስለ መጻሕፍት ነው። ሳክሲ ገብቼ በተሰማኝ ስሜት ምክንያት፣ የምናውቃቸውን ጥቂት መጻሕፍት እንደገና አንሥቼ አነበብኩ። ያገኘሁባቸው ነገር ስለ ሥነ ጽሑፋችን የነበረኝን አስተያየት ስለለወጠው፣ ለአንባቢያን ላካፍለው ወደድኩ።

በመጀመሪያ ስሜቱን ልናገር። በዋሽንግተን በኖርኩባቸው ዓመታት ባይተዋርነት ተሰምቶኝ አያውቅም ብል ብዙ አላጋነንኩም። ታክሲ ነጂው የእኛ ሰው ነው፤ የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ የእኛ ሰው ነው፤ ዩ ስትሪት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ማኪያቶ እየጠጡ፣ አገር ቤት ያለውን መንግሥት ማውረድም መሾምም ይቻላል። የማያውቀኝ ሰው ደግሞ አያየኝም። ትልቅ ከተማ ለመጻተኛ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ይኸው ነው፤ ሁሉም ባዳ ስለሆነ ማንም ባዳ አይደለም።

ሳክሲ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አመሻሽ ላይ በእግሬ ወጣ አልኩ። መንገዱ ንጹሕ ነው፤ ሣሩ የተከረከመ ነው፤ ሰው ግን የለበትም። መኪና ይመጣል፣ የጋራዥ በር በራሱ ይከፈታል፣ መኪናውን ይውጠዋል፣ ይዘጋል። ጥቂት እንደሄድኩ አንዲት ሴት መኪናዋን አቀዝቅዛ፣ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ «ደህና ነህ? መኪናህ ተበላሽቶብህ ነው?» አለችኝ። ጥያቄው በቅንነት ነበር፤ አሁንም አልጠራጠርም። ወደ ቤቴ የተመለስኩት ግን በዚህ መንገድ ላይ በእግሩ የሚሄድ ሰው ምክንያት ሊኖረው እንደሚገባ ተምሬ ነው። ትልቁ ከተማ አላየኝም ነበር። ትንሹ ከተማ አየኝ፤ አላወቀኝም እንጂ። ባይተዋርነት ማለት በእኔ ግንዛቤ ይኸው ነው፦ ሳይታወቁ መታየት።

እስቲ ይህን ስሜት ሥነ ጽሑፋችን የት ይዞታል ብዬ ጠየቅሁ። የስደት ግጥሞቻችንን አሰብኩ። ብዙ ናቸው፤ ናፍቆታቸው እውነተኛ ነው። ሆኖም አብዛኞቹ የሚያውቁት ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አገርና ባዕድ አገር። ባዕድ አገር የተባለው ስቶክሆልም ይሁን ሎስ አንጀለስ፣ የመቶ ሺህ ሰው ከተማ ይሁን የመንገድ ዳር መንደር፣ ለግጥሙ ልዩነት የለውም። ብርዱ አንድ፣ ብቸኝነቱ አንድ፣ ፈረንጁም አንድ ነው። ፊት የሌለው ሕዝብ መካከል የምንኖር አስመስለን ነው ራሳችንን የጻፍነው።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። በየማኅበሩ ስብሰባና በየበዓሉ «ሀገሬ» የተሰኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ግጥም ሳይነበብ አይቀርም። ገብረ ክርስቶስ ሐረር የተወለደ፣ ጀርመን አገር ኮሎኝ ሥዕል የተማረ፣ አዲስ አበባ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ፣ የከተማ ሰው ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ከአገር ወጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ያረፈው በላውተን፣ ኦክላሆማ ነው። ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ ተሰብስበው የታተሙት በ1998 ዓ.ም.፣ እሱ ካለፈ ከሃያ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ላውተን ከእኔ ቤት በመኪና ከሦስት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ፎርት ሲል የተባለው የጦር ሠፈር ያለባት፣ ነፋስ የማይለያት ሜዳማ ከተማ ናት። ግጥሙን በቃሉ የሚወጣውን ሰው ሁሉ «ገብረ ክርስቶስ የት ሞተ?» ብለን ብንጠይቅ ስንቱ ይመልሳል? የኮሎኝንና የአዲስ አበባን ኑሮ የሚያውቀው ያ ሰው የላውተንን ሜዳ በምን ዓይን አየው? ጎረቤቶቹስ ማን መሰላቸው? ይህን ጠይቀን አናውቅም። የጠየቅነው ስለ ተወው አገር ብቻ ነው። ላውተንን ከታሪኩ ውስጥ አውጥተን ጣልናት።

ስለ ባይተዋርነት የሚናገር መጽሐፍ ፍለጋዬ የወሰደኝ ወደ ስደት ሥነ ጽሑፍ አልነበረም፤ ስደት በብዛት ከመምጣቱ በፊት ወደ ተጻፈ ልብ ወለድ ነው። «አደፍርስ»ን ማለቴ ነው።

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ታተመ። መነሻው በጊዜው የነበረ እውነተኛ ነገር ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እየሄዱ የሚያገለግሉበት ደንብ ነበረ፤ አብዛኞቹ የሚላኩት ለማስተማር ነው። ያን ደንብ ያለፈበት ትውልድ ዛሬም በየስደቱ አለ፤ አንዳንዱም ይህን ጽሑፍ ያነብ ይሆናል። ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ፣ የአልጋ ልብስና ጥቂት መጽሐፍ ይዞ፣ መብራት በጊዜ የሚጠፋበት ከተማ የገባ ወጣት ምን እንደተሰማው ያውቀዋል። አደፍርስ ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ነው። የሚላከውም ወደ ደብረ ሲና፣ ጣርማ በርን ወርዶ ከጭጋጉ ሥር ወዳለው አገር ነው። ከአዲስ አበባ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ርቀቱ በኪሎ ሜትር የሚለካ አይደለም።

አደፍርስ ብዙ ይናገራል። ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ባላባትና ጭሰኛ፣ ስለ ሥልጣኔ፣ ያነበበውን ሁሉ ይናገራል። ብዙ አንባቢ መጽሐፉ ይከብዳል፣ ክርክሩ ያንዛዛል ሲል ሰምቻለሁ፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ጀምሬ አቋርጬዋለሁ። አሁን ሳየው ግን የአንባቢው ድካም የሚመጣው አደፍርስ ሲናገር እንጂ ሌሎቹ ሲናገሩ አይደለም። ባለ ርስቷ ወይዘሮ አሰጋሽ አፋቸውን ሲከፍቱ ገጹ ይነቃል። ሙግታቸው፣ እርግማናቸው፣ ዘር ቆጠራቸው፣ ፍርሃታቸው ሁሉ ከሸዋ አማርኛ ሥር የተቀዳ ነው። አቶ ጥሶን የመሰሉ አዛውንት የሚያመጡት ጨዋታና ምሳሌም እንደዚሁ ነው። ደራሲው ለተማረው እንግዳ ሐሳብ ሰጠው፤ ቋንቋውን ግን ለባላገሩ ሰጠ። ይህ ስሕተት አይመስለኝም። የመጽሐፉ ፍርድ ያለው እዚያ ላይ ነው።

እንግዳው ከተማይቱን ሊለውጣት መጥቷል። ስሙም ያንኑ ያዛል፤ አደፍርስ! «ሳይደፈርስ አይጠራም» የሚለውን ተረት በስሙ ተሸክሞታል። ዳኛቸው ግን ከዚህ አንድ እርምጃ አለፈ። ውሃውን የሚያደፈርሰው ሰው ራሱ ከውሃው ውጭ ቆሟል፤ እግሩን አላረጠበም። አደፍርስ የአካባቢውን ሰው ይወዳል፣ ያዝንለታልም፤ አንድ ጊዜ እንኳ ግን ከልቡ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሲጠብቅ አናየውም። ለዚህ ነው ባይተዋር የሆነው። ከከተማ ስለመጣ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ ለእሱ የክርክር ርእስ እንጂ የሚነጋገረው ሰው ስላልሆነ ነው። ወይዘሮ አሰጋሽ በበኩላቸው ጨቋኝ ናቸው፤ መጽሐፉ አያለሳልሰውም። ነገር ግን ያዩታል። አካሄዱን፣ አነጋገሩን፣ የማይጾመውን ጾም ሁሉ ያያሉ። አደፍርስ መታየቱን አያውቅም።

ከእሱ በኋላ የመጡት ይህን ትምህርት የተማሩት አይመስለኝም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪና አስተማሪ ወደ ገጠር ሲላክ፣ አንድ አደፍርስ ስልሳ ሺህ ሆነ። በዓሉ ግርማም ከ«ኦሮማይ» ጥቂት ቀደም ብሎ ባሳተመው «ሐዲስ» ለማስተማር ከአዲስ አበባ ወደ ኢሉባቦር ትንሽ ከተማ የሚሄድ ወጣት ሰጥቶናል። በዓሉ ራሱ ኢሉባቦር ተወልዶ ልጅ ሳለ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ነውና፣ መንገዱን በተቃራኒው ነው ያስኬደው። «ሐዲስ» ከ«አደፍርስ» ይልቅ ይነበባል፤ ይፈሳል፤ አገሩም ለምለም ነው። ለእኔ ግን ያነሰ መጽሐፍ ነው። ምክንያቱም ደራሲው ከወጣቱ ጋር ወግኗል። እንግዳው ቅን፣ ከተማይቱ የምትታረም ሆነው ተመድበዋል። አንባቢ ከሐዲስ ጋር ሲናደድ ይውላል እንጂ፣ «ይህን ልጅ ከዚያ ማዶ ሆኜ ባየው ምን ይመስለኝ ነበር?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያስገድደው ነገር ጥቂት ነው።

ያን ጥያቄ ደፍሮ የጠየቀ የእኛ ልጅ ያገኘሁት፣ በእንግሊዝኛ የጻፈ ሆኖ ነው። ዲናው መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1978 አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ገና በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ መጥቶ፣ ኢሊኖይ ውስጥ በፒዮሪያ ያደገ ደራሲ ነው። በ2007 ባወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ የምናውቃትን ዋሽንግተን አሳየን። እኛም ስለ እኛ ስለሆነ ወደድነው። በ2014 ያወጣው «ኦል አወር ኔምስ»፣ «ስሞቻችን ሁሉ» እንበለው፣ ግን በማኅበራችን ብዙ ሲነሣ አልሰማሁም። ታሪኩ በሁለት አንደበት ይተረካል። አንዱ ከኢትዮጵያ ወደ ካምፓላ፣ ከካምፓላ ወደ አሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ ትንሽ ከተማ የመጣ ሰው ነው። ሌላዋ እዚያችው ከተማ ተወልዳ ያደገችው ሔለን ናት፤ ስደተኛውን እንድትረዳ የተመደበች፣ ኋላም የምትወደው ሴት። አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ያለውን ኑሮውን የምናየው በእሷ ዓይን ነው።

አንድ ትዕይንት አለ። ሔለን ሰውዬውን ከልጅነቷ ጀምሮ ወደምታውቀው ምግብ ቤት ይዛው ትገባለች። አስተናጋጇ ምግቡን ይዘው ቢሄዱ እንደሚሻል ታመለክታለች። እንቢ ብለው ሲቀመጡ የእሱ ምግብ በወረቀት ሳህን፣ ከፕላስቲክ ማንኪያና ሹካ ጋር ይመጣለታል። እሱ ዝም ብሎ ይበላል። የምትቃጠለው እሷ ናት። በዚያች ቅጽበት የገዛ ከተማዋ ለእሷ ባዳ ሆነችባት። ዲናው ያየው፣ እኛ ያላየነው ነገር ይኸው ነው፤ ባይተዋርነት የመጪው ብቻ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ነባሩም ቤቱን እንደ አዲስ ያየዋል፤ ያፍርበታል፣ ወይም ይፈራለታል። ዳኛቸው ይህን በወይዘሮ አሰጋሽ ፍርሃት፣ ዲናው በሔለን እፍረት አሳየ። ሁለቱን መጻሕፍት የሚለያቸው አርባ አራት ዓመት፣ ሁለት ቋንቋና አንድ ውቅያኖስ ነው። የሚያገናኛቸው ግን ይበልጥብኛል፤ ሁለቱም ለነባሩ አንደበት ሰጡ።

ይህ የሥነ ጽሑፍ ወግ ብቻ ከመሰለን እስቲ ቃላቶቻችንን እንይ። እንግዳ፣ ባዳ፣ መጻተኛ፣ ባይተዋር፣ ስደተኛ እንላለን፤ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ትንሽ ርኅራኄ አለ። «መጤ» ስንል ግን ርኅራኄው ያልቃል። በ2004 ዓ.ም. ከጉራ ፈርዳ በሺህ የሚቆጠሩ የአማራ ተወላጆች ከኖሩበት ሲፈናቀሉ ያ ቃል ነበር የተሰማው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በሌላ ቦታ በሌሎች ላይ ተሰምቷል። እኛ በየስደቱ ሆነን ጮኽን፤ መጮኻችንም ትክክል ነበር። የግፉ ተጠያቂ የፈጸመው ነው፤ እሱን ወደ ጎን የምገፋበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን መጪና ነባር ለዓመታት ጎን ለጎን ኖረው አንዱ የሌላውን ታሪክ ሳይሰማ የሚቀርበት አገር፣ ለካድሬ የተመቸ አገር ነው። አንድ ልብ ወለድ ካድሬን አያቆምም። ቢያንስ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት አንደበት የመስማትን ልማድ ያስለምዳል። ያን ልማድ ደራሲዎቻችን እምብዛም አላስለመዱንም፤ እኛም አንባቢዎቹ አልጠየቅናቸውም።

አሁን ወደ ሳክሲ ልመለስ። ይህን ሁሉ የምለው ከሌላው የተሻልኩ ሆኜ አይደለም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነው።

የገባሁ ሰሞን ፊት ለፊቴ የሚኖሩ ሽማግሌና ባለቤታቸው በር አንኳኩ። በመስታወት ሳህን ላይ የፔካን ኬክ ይዘው ነበር። አመሰገንኩ፤ ሳህኑን ተቀበልኩ፤ በሩ ላይ ትንሽ ተነጋግረን ሄዱ። ኬኩ ተበላ። ሳህኑ ታጥቦ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። ውድ አንባቢ፣ እኔ ያደግሁት የጎረቤት ሳህን ባዶውን የማይመለስበት ቤት ነው። እናቴ ሌላው ቢያጣት አንድ እፍኝ ቆሎ ታደርግበታለች እንጂ ባዶውን አትልክም። ይህን እያወቅሁ ሳህኑ ባዶውንም ሙሉውንም ሳይመለስ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። በመጀመሪያ ዳቦ ሲደፋ እወስድላቸዋለሁ አልኩ። ከዚያ ዘገየ ብዬ አፈርኩ። ከዚያ ረሳሁት።

በእነዚያ ሦስት ዓመታት እኔ ምን አደርግ ነበር? በየሳምንቱ መጨረሻ ጋርላንድ እየሄድኩ፣ ከወዳጆቼ ጋር ቡና እየጠጣሁ፣ ስለ ሳክሲ አወራ ነበር። «ሰው የለበትም»፤ «ሰላምታቸው እንኳ ከእጅ ማውለብለብ አያልፍም»፤ «ቢሞቱ የሚያለቅስላቸው የላቸውም» እል ነበር። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ሣራቸውን እያጠጡ እጃቸውን ያነሡልኛል። እኔም አነሣለሁ። ከዚያ መኪናዬን አስነሥቼ እሄዳለሁ። የጋራዤ በር በራሱ ይከፈታል፤ በራሱ ይዘጋል። መንገዱ ላይ ሰው የለም ያልኩት እኔ፣ መንገዱ ላይ ካልነበሩት ሰዎች አንዱ ነበርኩ።

በአንድ የኅዳር ወር ቅዳሜ ደጃቸው ላይ ብዙ መኪና ቆመ። የምስጋና በዓል ቀርቦ ስለነበር ዘመድ መጣላቸው ብዬ አለፍኩ። በጥር ወር «የሚሸጥ» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ያኔ ነው ከሌላ ጎረቤት ሽማግሌው ማረፋቸውን የሰማሁት። ባለቤታቸውም ወደ ልጃቸው ዘንድ ተወስደው ነበር። በእግሬ ሠላሳ እርምጃ ከማይሞላ ቤት ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ። ጋርላንድ ውስጥ የማላውቀው ሰው አክስት አገር ቤት ሞታለች ሲሉኝ ሥራ አስፈቅጄ የምሄድ ሰው ነኝ።

ልጃቸው ቤቱን ልታጸዳ የመጣች ዕለት ሳህኑን ይዤ ተሻገርኩ። ዳቦ አደረግንበት። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ ስላለፈው አዘንኩ አልኩ። ዳቦውን ተቀበለች፣ አመሰገነች። ሳህኑን ግን አገላብጣ አየችውና «የእናቴ መሆኑን አላውቅም፤ አንተ ያዘው» አለችኝ። ይዤው ተመለስኩ። አሁንም እኔ ጋ አለ።

የዲናውን የምግብ ቤት ትዕይንት ዳግመኛ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለዚያ ሰው የወረቀት ሳህን ሰጡት። ለእኔ የመስታወት ሳህን ነበር የተሰጠኝ። በየስብሰባው ስለ ወረቀቱ ሳህን ስናወራ ኖረናል፤ ወረቀቱም ሐሰት አይደለም፣ ብዙዎቻችን ቀምሰነዋል። ስለ መስታወቱ ሳህን ግን አንድም ግጥም አልጻፍንም።

የከተማይቱን ታሪክ የፈለግሁትም ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ታሪክ ያላት አልመሰለኝም ነበር። ዊልያም ሳክሲ የተባለው ሰው ከፕሩሲያ የመጣ ስደተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1845 በዚህ ምድር ሠፈረ። በ1886 የባቡር ሐዲድ በመሬቱ ላይ እንዲያልፍ ሲፈቅድ ከተማይቱ በስሙ እንድትጠራ ተስማማ። ድሬዳዋ የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ስለደረሰ ከምንም ተነሥታ ከተማ እንደሆነች፣ ከየአገሩ የመጣ ሰውም አንድ ላይ ድሬዳዋዊ እንደተባለ ሁሉ፣ ሳክሲም የመጻተኛና የሐዲድ ልጅ ናት። ከዊልያም በፊት ደግሞ በዚህ አካባቢ የካዶ ሕዝቦች ነበሩ፤ እነሱን ያስታወሰ የመንገድ ስም እኔ እስካሁን አላየሁም። እንግዲህ እዚህ መጤው ማን ነው? ነባሩስ? እኔ «የእነሱ ከተማ» እያልኩ የምጠራት ከተማ ስሟ ራሱ በትክክል ያልተጠራ የስደተኛ ስም ነው።

ይህ ማለት ሁላችንም እንግዳ ነን ብለን እንተቃቀፍ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ነገር ለፖለቲከኛ ንግግር ይመቻል። የእኔ ነጥብ ጠበብ ያለ ነው። በእኔ አስተያየት የስደት ሥነ ጽሑፋችን ስለ አገር ናፍቆት የሚለውን ብሏል። የቀረው ሥራ የደረስንበትን ቦታ በስሙ ጠርቶ፣ ሰዎቹን በፊታቸው ለይቶ፣ እኛን ሲያዩ የሚያዩትን ነገር መጻፍ ነው። ላውተንን፣ ፒዮሪያን፣ ሳክሲን መጻፍ ነው። ይህን የሚጽፍ ሰው ከ«አደፍርስ» የሚማረው አለ። ከአደፍርስ ንግግር ሳይሆን፣ ደራሲው ጀግናውን ዝም አሰኝቶ ወይዘሮ አሰጋሽን ካናገረበት ጥበብ ነው የሚማረው። የራሱን ወገን ላለመወገን የደፈረ ደራሲ በ1962 ነበረን። ከዚያ ወዲህ ድፍረቱ ያነሰን ይመስለኛል።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ከፊት ለፊቴ ያለውን ቤት የገዛው ቤተሰብ ባለፈው ወር ገብቷል። ከየት እንደመጡ ገና አላወቅሁም፤ እቃ ሲያወርዱ አንድ ሕፃን ልጅ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ። ቤታችን ነገ ዳቦ ይደፋል። በየትኛው ሳህን እንደምወስደው አንባቢ ሳይገምት አይቀርም።

ቸር እንሰንብት።